«ጥርት ያለ አማርኛ» ሲባል፦ ቅላጼ ምን ይናገራል፣ የከተማው ጆሮስ ምን ይጨምርበታል?

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ በየሱቁ መስታወት ላይ የሚለጠፉ የሥራ ማስታወቂያዎች አንድ መስፈርት ይወዳሉ፤ «ጥርት ያለ አማርኛ የምትናገር»። ለካሸር፣ ለእንግዳ ተቀባይ፣ በስልክ ደንበኛ ለምታስተናግድ ሠራተኛ። ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ አይጽፍም፤ አንባቢውም አይጠይቅም። የተግባቡ ይመስላቸዋል። በሌላ በኩል የክፍለ ሀገር አነጋገር እያስመሰሉ የሚያስቁ አጫጭር ቪዲዮዎች በቲክቶክ ይዞራሉ፤ «ቀልድ ነው» እና «ስድብ ነው» የሚለው ክርክርም አብሯቸው ይመላለሳል። ክርክሩ ሲጋጋልም ሲበርድም አንድ መነሻ ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። ቅላጼ ስለ ተናጋሪው በእርግጥ የሚነግረን ምንድን ነው?

መልሱ አጭር ነው። ቅላጼ አንድ ሰው ቋንቋውን በስንት ዓመቱ፣ ከማን አፍና በምን መንገድ እንደተማረ ይናገራል። ከዚያ ያለፈው፣ ማለትም ትምህርቱ፣ ብልህነቱ፣ ታማኝነቱ፣ ብዙ ጊዜ ብሔሩም ጭምር፣ የአድማጩ ጭማሪ ነው።

ዘዬ፣ ቅላጼና አፍ መፍቻ

በተለምዶ «አክሰንት» የምንለው ነገር የተለያዩ ጉዳዮችን አንድ ላይ ያጭቃል። ዘዬ ማለት በአንድ ቋንቋ ውስጥ ከአካባቢ አካባቢ የሚለያይ የቃል፣ የሰዋስውና የድምፅ አጠቃቀም ነው፤ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ፣ የመንዝ አማርኛ ዘዬዎች ናቸው። ቅላጼ ከዚህ ይጠብባል፤ ድምፅንና ዜማን ብቻ ይመለከታል። ከሁለቱ ሌላ ደግሞ የሁለተኛ ቋንቋ ቅላጼ አለ፤ አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ሰው ወደ አማርኛ ይዞት የሚመጣው የድምፅ ልማድ ነው።

የከተማው ጆሮ ይህን አይለይም። ከደብረ ማርቆስ የመጣውንም ከወላይታ ሶዶ የመጣውንም «የክፍለ ሀገር ልጅ» በሚል አንድ ከረጢት ይከታቸዋል። የመጀመሪያው ግን ሲወለድ ጀምሮ የሰማው አማርኛ ነው፤ ስህተት አለበት ከተባለ ስህተት የተባለው የአያቶቹ ቋንቋ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው። በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚኖረው የከተማ ልጅ በእሱ የሚስቀው በምን ሒሳብ እንደሆነ ማሰብ ያዝናናል።

ጆሮ የሚይዛቸው ምልክቶች

ሕፃናት የመጀመሪያ ዓመታቸው ሳያልቅ፣ በአካባቢያቸው የማይሰሟቸውን የድምፅ ልዩነቶች የመለየት ችሎታቸው መቀነስ ይጀምራል። ጆሮ የሚያስፈልገውን ይይዛል፣ የማያስፈልገውን ይተዋል። ቅላጼ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ አዋቂ ሰው አዲስ ድምፅ ሲያስቸግረው ነገሩ ከትጋት ማነስ ጋር አይገናኝም።

ከአናባቢዎች እንጀምር። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው። «ሰም» እና «ስም» የሚለያዩት በግዕዝና በሳድስ ብቻ ነው። አፋን ኦሮሞ አምስት አናባቢዎችን አጭርና ረጅም እያደረገ ይጠቀማል፤ የአማርኛው የግዕዝ አናባቢ (በ«ሰም» ውስጥ ያለው) እና ሳድሱ ግን ራሳቸውን ችለው ቃል የሚለዩ ድምፆች አይደሉበትም። ስለዚህ «በር» ወደ «ባር» ሊጠጋ ይችላል። ትግርኛ በአንጻሩ እንደ አማርኛ ሰባት አናባቢ ስላለው ተናጋሪው እዚህ ላይ አይቸገርም። የእሱን አፍ የሚያሳብቁት ከጉሮሮ የሚወጡት «ሐ» እና «ዐ»፣ እንዲሁም ከአናባቢ በኋላ የሚለሰልሱት «ከ» እና «ቀ» ናቸው።

መጥበቅና መላላት በጣም የተሳሳተ ማብራሪያ የሚሰጥበት ነጥብ ነው። «ይሰማል» ሲላላ ሰሚው ራሱ ነው፤ ሲጠብቅ የሚደመጠው ነገር ነው። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። አንድ ሰው እነዚህን ሲያምታታ «በቋንቋቸው ማጥበቅ የለም» ይባላል። ለአፋን ኦሮሞ ይህ ሐሰት ነው፤ ያጠብቃል፣ ሲጽፍም ፊደሉን ደግሞ ያሳየዋል። ችግሩ ያለው በፊደላችን ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። አማርኛን በዋናነት ከመማሪያ መጽሐፍ የተማረ ልጅ «ይሰማል» የሚለውን ሲያይ የትኛው እንደሆነ የሚነግረው ምልክት የለም። መርካቶ ውስጥ በጆሮው የተማረው ሌላ ልጅ ግን ፊደል ሳይቆጥር እንኳ በትክክል ያጠብቃል። ስህተቱ የመማሪያ መንገዱን እንጂ የአእምሮን አቅም አይናገርም።

ሰዋስው ላይ ያለው ይበልጥ ጠንቀኛ ነው፤ ምክንያቱም አድማጩ የሚቆጥረው እንደ ድፍረት ነው። በአፋን ኦሮሞ ለወንድም ለሴትም የሚባለው አንድ «አቲ» ነው፤ «አንተ» እና «አንቺ» የሚል ክፍፍል የለም። ለትልቅ ሰው ደግሞ የብዙ ቁጥሩ «ኢሲን» ለአክብሮት ያገለግላል። ስለዚህ አንድ ወጣት ለብቻቸው የተቀመጡ አዛውንትን «እናንተ» ቢላቸው እያከበራቸው ሊሆን ይችላል። ሴት ደንበኛን በስህተት «አንተ» ያለ አስተናጋጅም ሊንቃት አስቦ ላይሆን ይችላል። ተቆጥታ ከሄደች ግን ጉዳቱ በእሱ ላይ ነው፤ ማብራራት የሚችልበት ዕድል አያገኝም።

የአማርኛ ዘዬዎች የራሳቸው ምልክቶች አሏቸው። የከተማው ሰው «ሄጄ፣ መጥቼ፣ ልጄ፣ አንቺ» የሚለውን በጎጃምና በጎንደር «ሂጀ፣ መጥቸ፣ ልጀ፣ አንች» ሲባል እንሰማለን። «ሄድኩ» የሚለው «ሄድሁ» ይሆናል። በሰሜን ሸዋ ገጠር «ከዚያ» የሚለው «ኸዚያ» ተብሎ ይለሰልሳል። በሰሜኑ ብዙ አካባቢ የአክብሮት መጠሪያው «አንቱ» ነው፤ አዲስ አበባ «እርስዎ» ስለለመደች «አንቱ» ስትባል ፈገግ ትላለች። ያው ከተማ አንድን ባለሙያ ሊያሞግስ ሲፈልግ ግን «አንቱ የተባለ» ይለዋል።

የከተማውም አፍ ቅላጼ አለው

«ጥርት ያለ» የሚለው ቃል ከሥሩ አንድ ግምት ይዟል፤ የአዲስ አበባ አማርኛ ቅላጼ የለውም፣ የጠራው እሱ ነው የሚል። የቋንቋ ጥናት ይህን አይቀበልም፤ ቅላጼ የሌለው አፍ የለም። የአዲስ አበባ አማርኛ በሸዋ ዘዬ ላይ ቆሞ፣ ከየአካባቢው በመጡ ሰዎች አፍ ተሞርዶ፣ በቤተ መንግሥት፣ በትምህርት ቤት፣ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ በቴሌቪዥን የተስፋፋ የአንድ ከተማ አነጋገር ነው። መለኪያ የሆነው ሥልጣንና ማሠራጫው እዚህ ስለነበሩ ነው። የሰፈር ስሞቹም ምስክር ናቸው፦ ወሎ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር፣ ጎጃም በረንዳ፣ ዶርዜ ሰፈር፣ ሶማሌ ተራ። ከተማዋ የተሠራችው ዛሬ «የክፍለ ሀገር» በምትላቸው አፎች ነው።

መለኪያው የጽሑፍ አማርኛ ከሆነም የከተማው ሰው ነጥብ ይጥላል። «የሚመጣው» የሚለውን «ሚመጣው» ይለዋል። «አደረግኩ» እና «ፈለግኩ» የሚሉትን «ግ» ውጦ «አደረኩ፣ ፈለኩ» ይላል። «ፀሐይ» እና «ጠሃይ» በአንድ ቤት ውስጥ ሲቀያየሩ ይውላሉ። ለጽሑፉ ይበልጥ የቀረበው ብዙ ጊዜ የጎጃሜው «ሄድሁ» ነው። ሆኖም «ሚመጣው» ያለን ሰው ማንም «ሀገርህ የት ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ከድምፅ ወደ ፍርድ

የስሜትን ፍርድ ከድምፁ ለይቶ ለማየት የሚያስችል ዘዴ በ1960 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ካናዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋላስ ላምበርትና ባልደረቦቹ አሳትመዋል። ሁለት ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎች አንድን ጽሑፍ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በፈረንሳይኛ እንዲያነቡ ተደረገ። አድማጮቹ የሰሟቸው የተለያዩ ሰዎች መስሏቸው እያንዳንዱን ድምፅ መዘኑ። አንድ ሰው በአንዱ ቋንቋ ሲናገር ከሌላው ይበልጥ ብልህ፣ መልከ መልካም፣ ረጅምም ጭምር ሆኖ ታያቸው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው በብዙ መመዘኛ ለእንግሊዝኛው ድምፅ የተሻለ ነጥብ ሰጡ። የተናቀ አነጋገር ባለቤቶች ንቀቱን አብረው ይማሩታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ስልክ ሲያነሳ ከእናቱ ጋር በአንድ አፍ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በሌላ አፍ የሚያወራ ሰው ይህን ያውቀዋል።

ተከታታይ ጥናቶች ጆሮ ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች እንዳሉት አሳይተዋል። አንደኛው የደረጃ ሚዛን ነው፦ ይህ ሰው የተማረ ነው? ብቁ ነው? ሁለተኛው የቅርበት ሚዛን ነው፦ ደግ ነው? ቀልደኛ ነው? የከተማ አነጋገር በመጀመሪያው ይመዝናል፣ የገጠር አነጋገር በሁለተኛው። የእኛን ከተማ የቅላጼ ፍረጃዎች ካየናቸው አብዛኞቹ በዚህ ይፈታሉ። «ወሎዬ አንደበቱ ጣፋጭ ነው»፣ «ጎጃሜ ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው»፣ «ጉራጌ ከሆነ ንግድ ያውቃል»፤ ሁሉም ሲነገሩ ምስጋና ይመስላሉ። የመጀመሪያው ግን አንድን ሰው ለጨዋታ እንጂ ለኃላፊነት አያጨውም። ሁለተኛው በግልጽ የተናገረውን ሰው «ከሥሩ ሌላ ነገር አለ» እየተባለ እንዲጠረጠር ያደርገዋል። ሦስተኛው የራሳቸው ስም ያላቸውን በርካታ ቋንቋዎች አንድ የሱቅ ቅላጼ ያደርጋቸዋል።

አንዳንዴም ጆሮ ጨርሶ ያልተነገረ ይሰማል። በ1992 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራው ዶናልድ ሩቢን የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ለተማሪዎች በአንድ አሜሪካዊት ድምፅ የተቀዳ ትምህርት አሰማ፤ ለአንዱ ቡድን የነጭ ሴት፣ ለሌላው የእስያ ሴት ፎቶ አሳየ። ሁለተኛውን ፎቶ ያዩት ያልነበረ የውጭ ቅላጼ ሰሙ፣ ትምህርቱንም በትንሹ ያዙ። ስሙን አንብቦ «አማርኛው ይከብደዋል» ብሎ ቃለ መጠይቅ የሚጀምር ቀጣሪ በተመሳሳይ መንገድ ሊሳሳት ይችላል።

ግምቱ የሚስትበት ምክንያት

«እኔ ሰውን በአነጋገሩ አልስተውም» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ እውነት የሚመስለው ሲሳካልን ብቻ ስለምናስታውሰው ነው። ተሳስተን ዝም ካልን ማንም አያርመንም።

ግምት የሚስተው በሁለት በኩል ነው። መጀመሪያ አንድ ድምፅ የብዙ አካባቢ ነው። ታክሲ ውስጥ የለሰለሰ «ኸ» የሰማ ሰው ትግርኛ ሊገምት ይችላል፤ ተናጋሪው ግን ከመንዝ ሊሆን ይችላል። ከጉሮሮ የምትወጣው «ሐ» በትግርኛ ብቻ ሳይሆን በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በዐረብኛም አለች። ሁለተኛ፣ ቅላጼ ከብሔር ጋር አይገጥምም። በ1999 ዓ.ም የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 47 በመቶ ገደማው ራሱን አማራ ብሏል፤ አማርኛ አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ግን 71 በመቶ ገደማ ነበር። ልዩነቱ በብሔሩ ኦሮሞ፣ ጉራጌ፣ ትግሬ ወይም ሌላ ሆኖ አማርኛን በእናት ቋንቋነት የሚናገረው ነዋሪ ነው። ከቁጥሩ ሌላም ይነበባል፤ ከአሥር ነዋሪ ሦስት የሚሆኑት አፋቸውን የፈቱት በሌላ ቋንቋ ነው። በዚህች ከተማ «ቅላጼ ያለበት» አማርኛ እንግዳ ሊባል አይችልም።

ስህተቱ ሁልጊዜ በፈገግታ አያልቅም። ማቴዎስ 26፥73 ላይ ጴጥሮስን «አነጋገርህ ይገልጥሃልና» ያሉት ሰዎች እየመረመሩት ነበር። በመሳፍንት 12 ደግሞ «ሺቦሌት» ማለት ያቃተው በወንዝ መሻገሪያ ላይ ይታረድ ነበር። ፖለቲካው ሲግል ቅላጼ እንደ መታወቂያ ይታያል፤ ከላይ በተባለው ምክንያት ደግሞ እጅግ የማይታመን መታወቂያ ነው።

ስልክ ላይ

ቅላጼ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሰው ድምፅ ብቻውን በሚወስንበት ቦታ ነው። የቤት ኪራይን እንይ። ደላላው ቁጥር ይሰጣል፣ ፈላጊው ይደውላል፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ የሚከራይ ቤት እንዳለ ሰምቸ ነበር።»
«አዎ... ኬት ነህ?»
«አሁን ያለሁት ካዛንቺስ ነው።»
«አይ፣ ሀገርህን ነው።»

ከዚህ በኋላ «ትናንት ተይዟል» የሚል መልስ ቢመጣ ደዋዩ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ቤቱ በእርግጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል። አከራዩም ራሱን አድሏዊ አይልም፤ «ብቻ አልጣመኝም» ነው የሚለው። የወሰነችው ግን «ሰምቸ» የምትል አንዲት ቃል ልትሆን ትችላለች። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የቋንቋ ተመራማሪው ጆን ቦ ከባልደረቦቹ ጋር በካሊፎርኒያ ይህንኑ ፈትሿል፤ ቦ ራሱ በሦስት ዓይነት የእንግሊዝኛ አነጋገር ለአከራዮች እየደወለ ቀጠሮ ጠየቀ። በነጮች በሚበዙ ሰፈሮች የጥቁሮችና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን አነጋገር ያገኘው ቀጠሮ በግልጽ ያነሰ ነበር። «ሄሎ» የምትለው ቃል ብቻዋን እንኳ አድማጩ የአነጋገሩን ዓይነት ከአጋጣሚ በላይ እንዲለይ ትበቃዋለች።

ሕጉ እዚህ ጋ ክፍተት አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በቋንቋ ልዩነት እንዳይደረግ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሠራተኞች መካከል በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ብሔርን ይጠቅሳል፤ በአነጋገር ማላገጥ ብቻውን ግን በቀላሉ አይገባበትም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል፤ የሚሠራው ግን ውል ከተደረሰ በኋላ ነው። «ተይዟል» ተብሎ ስልኩ ከተዘጋ ውል የለም፣ የሚከሰስም የለም።

ቀልዱስ?

የሚያስመስሉት ወገኖች ክርክር ባዶ አይደለም። ቅላጼን መኮረጅ ያደገ የመድረክ ጥበብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀልደኛው የሚያስመስለው የራሱን አካባቢ አነጋገር ነው፣ ከልብ የሚስቁትም የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው። ዘዬ መድረክ ላይ ሲወጣ ይከበራል የሚሉም አሉ። የሚቃወሙት ደግሞ የሚያነሱት የገጸ ባሕሪውን ሥራ ነው። በአንድ ቅላጼ የሚናገረው ሁልጊዜ ዘበኛ፣ በሌላው የሚናገረው ሁልጊዜ ነጋዴ፣ ሐኪሙና ዳኛው ግን ሁልጊዜ በአዲስ አበባ አፍ የሚናገሩ ከሆነ ተመልካቹ አነጋገሩን ከሥራው ጋር አጣብቆ ይወስዳል። ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያደላል። ችግሩ ግን አንድ ቀልድ ላይ አይታይም፤ ድግግሞሹ ላይ እንጂ። የጎንደር አፍ ያለው ዳኛ በድራማ ላይ ቢታይ ማስመሰሉን መከልከል አያስፈልግም ነበር።

ለቀጣሪ፦ የሚለካው ምንድን ነው?

«ደንበኛ ካልገባውስ?» የሚለው የቀጣሪ ሥጋት እውነተኛ ነው። መለካት ያለበት ግን መግባባቱ ነው። ሙንሮና ደርዊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የቅላጼ ጥንካሬና የመደመጥ ብቃት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ «ቅላጼው ከባድ ነው» የተባለ ሰው ንግግር በአድማጮች ቃል በቃል ሊጻፍ ይችላል። ጆሮ ለአዲስ ቅላጼ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መላመድ እንደሚጀምርም በሌሎች ጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ በቃለ መጠይቅ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ለሰላምታና ለመንገድ ወሬ መተው ይበጃል፤ ነጥብ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው።

ፈተናው ወጪ የለውም። ለእያንዳንዱ አመልካች አንድ ዓይነት ወረቀት ይሰጣል፦ ሁለት የደንበኛ ስም፣ አንድ ባለ አሥር አሃዝ ስልክ ቁጥር፣ አንድ የብር መጠን፣ አንድ ቀጠሮ ከነሰዓቱ፣ አንድ አቅጣጫ። አመልካቹ በሌላ ክፍል ሆኖ በስልክ ያነበዋል፤ አመልካቹን ያላዩ፣ ስሙንም የማያውቁ ሁለት ሠራተኞች የሰሙትን ይጽፋሉ። ከዚያ በትክክል የደረሱት ይቆጠራሉ። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚበዛው ቁጥር ላይ ነው፤ መነሻውም ፍጥነት ነው። ቁጥሩን ሁለት ሁለት እየከፈለ፣ በየመሀሉ ቆም እያለ የሚያነብ ሰው ከየትም ይምጣ ይደመጣል፤ አሥሩንም በአንድ ትንፋሽ የሚያንጋጋው የቦሌ ልጅ ይወድቃል። ቀጠሮው ላይ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» መባሉንም ማየት ያስፈልጋል፤ በአገርኛውና በውጭው አቆጣጠር መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት ከማንም ቅላጼ በላይ ደንበኛ ያስቀራል።

ፈተናው እንዲህ ከሆነ ማስታወቂያውም ይቀየራል። «ጥርት ያለ አማርኛ» በሚለው ፋንታ «ስም፣ ቁጥርና ቀጠሮ በስልክ ሳትሳሳት ተቀብላ ማስተላለፍ የምትችል» ይባላል። መስታወቱ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል።